የማኅተሙ ትል

ተረት ተረት!

የላም በረት!

በማኅተም ላይ የሚኖር አንድ ትል ነበር። ተራ ትል እንዳይመስላችሁ፤ ሐር የሚያወጣ፣ ዘሩን ሲቆጥር ቻይና የሚደርስ፣ ከእንጆሪ ዛፍ ቅጠል በቀር ሌላ የማይቀምስ ትል ነው። ማኅተሙም እንደዋዛ የሚታይ አልነበረም። በ1732 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ) የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ጆርጅ በሰሜን አሜሪካ ከካሮላይና በታች፣ ስፔኖች ከያዙት ከፍሎሪዳ በላይ ያለውን አገር ለ21 ባለአደራዎች ለ21 ዓመት ሲሰጥ፣ እነሱ ያስቀረጹት ማኅተም ነው። አገሪቱ በንጉሡ ስም ጆርጂያ ተባለች። በማኅተሙ በአንደኛው ገጽ ትሉ ከነወንድሞቹ በእንጆሪ ቅጠል ላይ ሆኖ ሐሩን ይሠራል፤ አብሮትም በላቲን «ለራስ ሳይሆን ለሌሎች» የሚል ተቀርጿል።

ትሉ ይህን ባነበበ ቁጥር ልቡ ያብጥ ነበር። «የነገሥታቱን ማኅተም ሁሉ እዩት» ይላል፤ «አንበሳው ሰባሪ፣ ንስሩ ነጣቂ፣ ዘንዶው ዋጭ ነው። ሰጪ ሆኖ ማኅተም ላይ የወጣ ከእኔ ሌላ ማን አለ?»

እውነቱን ለመናገር የሚያኮራ ነገር ነበረው። በቻርተሩ መሠረት ባለአደራዎቹ በጆርጂያ ቁራሽ መሬት ሊይዙ፣ ደመወዝ ሊበሉ፣ የሚከፈልበት ሹመት ሊሾሙ አይችሉም። ከመካከላቸው ጄምስ ኦግልቶርፕ የሚባለው የፓርላማ አባል፣ ወዳጁ በዕዳ ታስሮ በለንደን እስር ቤት ፈንጣጣ ስለገደለበት የእስር ቤቶችን ጉድ ያስመረመረ ሰው ነው። ድኻው እንግሊዛዊ ወደ ጆርጂያ ሄዶ 50 ኤከር መሬት ያግኝ፣ የመንገዱን ወጪና የመጀመሪያውን ዓመት ቀለብ እኛ እንቻለው፣ እሱም እንጆሪ ተክሎ ሐር ያምርት ብለው አሰቡ። በ1735ም ሕግ አወጡ፦ ሩም የሚባለው አረቄ ጆርጂያ አይግባ፤ ባሪያም አይግባ። በዙሪያዋ ያሉት ግዛቶች በባሪያ ጉልበት ሲያርሱ ጆርጂያ በነጻ ሰዎች እጅ ትታረሳለች ተባለ።

ይኸው ኦግልቶርፕ ቻርተሩ በተፈረመበት በ1732 ለረጅም ዘመን አፍሪካውያንን ሲሸጥ የኖረው የሮያል አፍሪካን ኩባንያ ምክትል ገዥ ነበር። ድርሻውን የሸጠው ኋላ ነው። ትሉ ይህን አልሰማም። ማኅተም ላይ ያለ ፍጡር ከወረቀቱ የሚያየው የታተመበትን ቦታ ብቻ ነው።

«አን» በምትባል መርከብ ከእንግሊዝ የተነሡት 114 ያህል ሰዎች በፌብሩዋሪ 1733 ሳቫና ወንዝ ዳር ደረሱ። ከወንዙ በላይ ካለው ገደል ጫፍ አያ ጥድ ቆሞ ያያል። አያ ጥድ የአገሩ ተወላጅ ነው። የገደሉ ባለቤቶች የያማክሮ ሰዎች ናቸው፤ አለቃቸው ቶሞቺቺ የሚባል ሽማግሌ፣ አስተርጓሚዋም እናቷ የክሪክ ሕዝብ ተወላጅ፣ አባቷ እንግሊዛዊ የሆነ ሜሪ መስግሮቭ። ቶሞቺቺ እንግዶቹን በደኅና ተቀበላቸው፤ ገደሉንም ለቀቀላቸው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አያ ጥድ» አለ ትሉ። «ለሌሎች ልንኖር መጣን።»

«አብሮ ይስጥልን። ለየትኞቹ ሌሎች?»

«ለድኾች ነዋ!»

«ከእኔ ሥር ያሉት እነዚህ ሰዎችስ ከሌሎቹ ይቆጠራሉ?»

«እነሱማ ወዳጆቻችን ናቸው።»

«ደግ። እነዚያ መጋዝ ይዘው ልጆቼን የሚቆርጡትስ?»

ትሉ ዘወር ብሎ አየ። ከካሮላይና የመጡ ጥቁር ሰዎች ጥዱን እየጣሉ ሳንቃ ያወጣሉ። የካሮላይና ባለሀብቶች ለአዲሱ ሰፈር ርዳታ ብለው ባሪያዎቻቸውን አውሰው ነበር።

«የጎረቤት ርዳታ ነው» አለ ትሉ።

«ርዳታውስ የጎረቤት ነው» አለ አያ ጥድ፤ «ወገቡ የማን እንደሆነ ነው የጠየቅኩህ።» ትሉ ሥራ በዝቶበት ስለነበር አልመለሰለትም።

ስለ ቶሞቺቺ እዚሁ ልጨርስ። በ1734 ኦግልቶርፕ ለንደን ወሰደው፤ ሽማግሌው ለንጉሡ የሰላም ምልክት ብሎ የንስር ላባ ሰጠ። በ1739 ሲሞት በሳቫና ካሉት አደባባዮች በአንዱ በክብር ተቀበረ፤ ኦግልቶርፕም አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። በ1883 በዚያው አደባባይ ለአንድ የባቡር ኩባንያ መሪ ትልቅ ሐውልት ቆመ። ለቶሞቺቺ መታሰቢያ ቋጥኝ የተቀመጠለት ከዚያ በኋላ፣ በ1899 ነው፤ እሱም ከመሀል ሳይሆን ከጥግ።

ወደ ትሉ እንመለስ። ባለአደራዎቹ በሳቫና ጫፍ 10 ኤከር የሙከራ አትክልት ቦታ ከለሉ። እመት እንጆሪ የክብር ቦታውን ይዛ ቆመች። ወይን፣ ኮክ፣ ብርቱካንም ተተከሉ፤ ጥጢት የምትባል አንዲት ቀጭን ልጅም ነበረች፤ ማንም አላያትም። ከጣልያን ፒዬድሞንት ሐር የሚያውቁ ሰዎች መጡ። ትሉ ግን እንግዳ ተቀባይ ቢያገኝም አገሩን አልለመደውም። ነጩን እንጆሪ ይወዳል፤ በጆርጂያ ዱር የሚበቅለው ቀዩ ነው። በጸደይ ብርዱ ተመልሶ ሲመጣ የለመለመው ቅጠል ያርራል፤ ትሉም ጾሙን ያድራል። ቢሆንም በ1735 ንግሥት ካሮላይን ከጆርጂያ ሐር የተሰፋ ቀሚስ ለብሳ ታየች፤ ትሉ ለወራት ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ከወንዙ ማዶ፣ በካሮላይና ረግረግ ውስጥ፣ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ የቆመ አያ ሩዝ የሚባል ባለጸጋ ይኖራል። ከምዕራብ አፍሪካ ተገዝተው የመጡ፣ ብዙዎቹም በአገራቸው ሩዝ ማብቀል የሚያውቁ ሰዎች በወባና በንዳድ እየወደቁ ያሳደጉት ሩዝ ነው። ሲመሽ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ጆርጂያ ይጣራል።

«እናንተ ሰዎች! ከመጣችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?»

«አምስት ዓመት!»

«ምን አመረታችሁ?»

«ለንግሥቲቱ አንድ ቀሚስ!»

«ተባረኩ! እዚህ ማዶ ያለው ጌታዬ አራት መርከብ ጫነ።»

ሰፋሪዎቹ እንቅልፍ አጡ። በዲሴምበር 1738 በሳቫና 121 ሰዎች ፈርመው ባሪያ ይፈቀድልን፣ መሬታችንንም እንደ ልባችን የምንሸጥበት መብት ይሰጠን ብለው አመለከቱ። በወሩ ግን ዳርየን የሰፈሩት የስኮትላንድ ደገኞች አሥራ ስምንት ሆነው ተቃራኒውን ጻፉ፤ የኤቤኔዘር ጀርመንኛ ተናጋሪ ስደተኞችም እንደዚሁ። የዳርየኖቹ ወረቀት አብዛኛው ስለ ስፔኖች ቅርበት፣ ስለ ዘብ ጥበቃና ስለ ዕዳ ነው። ነገር ግን በመጨረሻው ላይ የሰው ዘር ከነልጆቹ ለዘላለም ባርነት መፈረዱ ለሰው ተፈጥሮ የሚዘገንን መሆኑን ይናገራሉ። በዚያ ሁሉ የአቤቱታ ጋጋታ መካከል ስለ ባሪያው ሰው ራሱ ሲጽፉ ያየኋቸው እነዚህ ናቸው። ሌላው ክርክር ሁሉ የሚያርሰው ማን ይሁን፣ ትርፉ ለማን ይግባ የሚል ነበር።

ባለአደራዎቹም ሲመልሱ ስለ ሰውየው አልተናገሩም። ባሪያ ከገባ ነጩ ይሰንፋል፤ ትልልቁ ባለርስት ትንንሹን ይውጠዋል፤ ከሁሉም በላይ በፍሎሪዳ ያሉት ስፔኖች ከእንግሊዝ ግዛት ያመለጠ ባሪያ ነጻ ነው ብለው ስላወጁ ባሪያው ሁሉ ወደነሱ ይኮበልላል፣ አገሪቱም ጠረፍ ጠባቂ ሳትሆን የጠላት በር ትሆናለች። በሴፕቴምበር 1739 በካሮላይና ስቶኖ ወንዝ አጠገብ ባሪያዎች ተነሥተው ወደ ፍሎሪዳ ሲያመሩ ትሉ አጨበጨበ።

«አያ ሩዝ፣ ሰማህ? ሕጋችን ትክክል ነበር!»

«ትክክል ነህ» አለ አያ ሩዝ። «ግን እስቲ ንገረኝ፤ ስፔኖቹ ባይኖሩስ?»

«እንዴት ባይኖሩ?»

«ለጨዋታ ያህል ነው።»

በ1742 የስፔን ጦር በሴንት ሳይመንስ ደሴት ወረደ፤ ኦግልቶርፕ መልሶ አባረረው። በዓመቱ ኦግልቶርፕ ራሱ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ ተመልሶም አልመጣ። የሩም ክልከላውም በዚያው ሰሞን ተነሣ። አያ ሩዝ ያን ጊዜ እጁን አፉ ላይ ማድረግ እንኳ አላስፈለገውም፤ በለሆሳስ ጠየቀ፦

«ስፔኖቹ ሄዱ። ሌላ ምክንያት አለህ?»

ትሉ ማኅተሙን ገለበጠ፣ የሕጉን ወረቀት አገላበጠ። ምክንያት ሆኖ የተጻፈው የነጩ ጉብዝናና የጠረፉ ደኅንነት ነው። ከዚያ ሌላ አላገኘም።

በመጨረሻ ነገሩን የቋጨው ከማንም ያልተጠበቀ ሰው ነው። ጆርጅ ዋይትፊልድ የሚባል፣ በሁለቱም የውቅያኖስ ዳርቻ ሺህዎች የሚሰበሰቡለት ሰባኪ፣ በ1740 በሳቫና አጠገብ «ቤቴስዳ» ብሎ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ መሠረተ። ልጆቹን የሚመግብበት ገንዘብ ሲያጥረው ካሮላይና ውስጥ እርሻ ከነባሪያዎቹ ያዘ፤ ለጆርጂያም ይህ ይፈቀድ ብሎ ባለአደራዎቹን ወተወተ። አያ ሩዝ ይህን ሲሰማ ከረግረጉ ውስጥ ሆኖ እስኪንፈራፈር ሳቀ።

«እነሆ!» አለ። «ይህም እኮ ለራስ ሳይሆን ለሌሎች ነው።»

ባለአደራዎቹ ተሸነፉ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1751 ጀምሮ ባርነት በጆርጂያ ተፈቀደ። ሆኖም ትሉን አልረሱትም፦ ባሪያ የሚያስገባ ጌታ ከሴቶቹ መካከል ሐር መምዘዝ የምትማር ያዘጋጅ ብለው በአዲሱ ሕግ ጻፉ። በሳቫናም የሐር መምዘዣ ቤት ተሠራ።

ትሉ ከማኅተሙ ወርዶ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ወደዚያ ሄደ። ማኅተም ላይ ሲኖር ሐር መሥራቱን እንጂ ሐሩ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አይቶ አያውቅም። ትል ራሱን በሐር ጎጆው ውስጥ ይዘጋል፤ ጊዜው ሲደርስ ክንፍ አውጥቶ ጎጆውን ቀድዶ ሊወጣ። ቀድዶ ከወጣ ግን ክሩ ይበጣጠሳል። ስለዚህ ሳይወጣ በሙቀት ይገደልና ጎጆው በፍል ውኃ ውስጥ ተነክሮ ክሩ ይመዘዛል። እኔ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ፣ ባርነትን የከለከሉ ሰዎች ለበጎ አድራጎታቸው አርማ ሲፈልጉ፣ ያለ ደመወዝ ሠርቶ በሠራው ቤት ውስጥ የሚቀቀለውን ፍጡር መምረጣቸው ነው።

በገንዳው አጠገብ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ጣቶቿ በፍሉ ተልጠዋል። ትሉ ከገንዳው አፍ ላይ ወጣ።

«እናቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«የታዘዝኩትን።»

«ወንድሞቼን እየቀቀልሽ እኮ ነው!»

«ወንድሞችህ መሆናቸውን ማን ነገረኝ? እኔንም ማን ልጅ፣ ማን እህት እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም።» ክሩን ሳታቋርጥ መምዘዟን ቀጠለች።

ትሉ አፈረ። «አትቀየሚን» አለ፤ «አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ስላንቺ ተከራክረን ነበር። አንቺ እንዳትመጪ ከልክለን ነበር።»

«ለማን ብላችሁ?»

«ላንቺ ብለን ነዋ።»

ሴትየዋ ቀና አለች። «አሥራ ስድስቱን ዓመት የት የነበርኩ ይመስልሃል?»

«የት ነበርሽ?»

«ማዶ። ያ ሩዝ ሲጣራ የምትሰሙት ከኔ ራስ በላይ ነበር። ሕጋችሁ ባሪያ እንዳልሆን አልከለከለም፤ እዚህ እንዳልታይ ነው የከለከለው። ወንድሜ ባርነት የሌለበት አገር አለ ሲባል ሰምቶ ወንዙን ዋኝቶ መጣ። እጁን አስራችሁ ለጌታው መለሳችሁት።»

«እኛ? ሐሰት ነው!»

«ማንበብ የምትችለው አንተ ነህ፤ ሂድና አንብብ።»

ትሉ ሄዶ አነበበ። በዚያ በሚኮራበት የ1735 ሕግ ውስጥ ተጽፏል፦ በጆርጂያ የተገኘ ጥቁር ሰው ይያዝ፤ ከካሮላይና አምልጦ ከሆነና ጌታው በጊዜው ከጠየቀ ይመለስለት፤ ጠያቂ ካጣም የባለአደራዎቹ ንብረት ሆኖ ይሸጥ ይላል። ከሥሩ ማኅተሙ አለ። በማኅተሙ ላይ ደግሞ ራሱ ትሉ አለ።

ወደ መምዘዣው ቤት ሲመለስ የሚናገረው አጥቶ ቆመ። እሷ ቀደመችው።

«ደግሞ ያ አብሮህ የተጻፈው ምን ነበር የሚለው?»

«ለራስ ሳይሆን ለሌሎች።»

«እሱን እኔ ነኝ ስኖረው የቆየሁ» አለችና ሌላ እፍኝ ጎጆ ወደ ገንዳው ጨመረች።

በ1752 ባለአደራዎቹ የ21 ዓመቱ ጊዜ ሳይሞላ ቻርተሩን ለንጉሡ መለሱ፤ ማኅተማቸውም ከእንግዲህ እንዳይሠራ ተፋቀ። ትሉ እንዲህ ሆኖ ቀረ። በ1755 የካሮላይናን የባሪያ ሕግ ተከትሎ የጆርጂያ ሕግ ወጣ። በ1750 ከ500 የማይበልጡ የነበሩት በባርነት የተያዙ ሰዎች በ1775 ወደ 18,000 ደረሱ። አያ ሩዝ ወንዙን ተሻግሮ ረግረጉን ሁሉ ወረሰው።

ከሳቫና ከፍ ብሎ በወንዙ ዳር እመት እንጆሪ ለሐር የተተከለችበት፣ በስሟም «የእንጆሪ ደን» የተባለ ርስት ነበር። ሐሩ ሲቀር ርስቱ የሩዝ እርሻ ሆነ። ከአሜሪካ የነጻነት ጦርነት በኋላ ጆርጂያ ለጄኔራል ናትናኤል ግሪን ሸለመችው፤ እሱ ብዙ ሳይቆይ ሞተ፤ ባለቤቱ ካትሪን ግሪን በቤቷ ያስተናገደችው ኢላይ ዊትኒ የሚባል ወጣት በ1793 እዚያው ርስት ውስጥ ሆኖ ጥጥን ከፍሬው የሚለይ መዳመጫ ሠራ። ያ በእጅ ቀኑን ሙሉ ሲፈለቀቅ ግማሽ ኪሎ የማይሞላው ንጹሕ ጥጥ በአዲሱ መሣሪያ በአንድ ሰው በቀን 23 ኪሎ ያህል ደረሰ።

ጥጢት አድጋ፣ ነጭ ለብሳ መጣች።

«ደኅና ዋሉ፣ እመት እንጆሪ። ያስታውሱኛል? በባለአደራዎቹ አትክልት ቦታ ጎረቤትዎ ነበርኩ።»

«አላስታውስሽም፣ ልጄ።»

«ግድ የለም። ቦታው የማን ነው?»

«በስሜ ነው የሚጠራው።»

«ስሙስ የርስዎ ይሁን» አለች ጥጢት፤ መሬቱን ግን እየተንደረደረች እስከ ወንዙ ጫፍ ወሰደችው። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ክሪኮችና ወደ ቸሮኪዎች አገር ገባች፤ ክሪኮች በ1820ዎቹ በውል ስም ከጆርጂያ ተነቀሉ፤ ቸሮኪዎችም በ1838 በወታደር ተነድተው ወደ ምዕራብ ሲጋዙ በሺህ የሚቆጠሩት በመንገድ አለቁ። በ1790 በጆርጂያ በባርነት የተቆጠሩት 29,264 ነበሩ፤ በ1860 462,198።

አያ ጥድ አሁንም ሳቫና ነበር። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሊያልቅ ሲል የሰሜኑ ጄኔራል ሸርማን ከተማዪቱን ይዞ፣ በጃንዋሪ 12 ቀን 1865 ማታ ከጦር ሚኒስትሩ ከስታንተን ጋር ሃያ ጥቁር ሰባኪዎችንና የቤተ ክርስቲያን መሪዎችን ባረፈበት ቤት ሰበሰበ። ቃል አቀባያቸው ጋሪሰን ፍሬዚየር የ67 ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ ከስምንት ዓመት በፊት ራሱንና ሚስቱን በ1,000 ዶላር ገዝቶ ነጻ የወጣ። ጥያቄው በመስኮቱ ሲሰማ አያ ጥድ ጆሮውን ማመን አቃተው፦ ባርነት ማለት ምን ይመስላችኋል? ራሳችሁን ችላችሁ ለመኖር ምን ትፈልጋላችሁ?

«ከ132 ዓመት በኋላ ጠየቋቸው!» አለ አያ ጥድ፤ ከቅርንጫፉ ላይ ያለውን ወፍ ሁሉ አስነሣ።

ሽማግሌው አላመነታም። ባርነት የሌላውን ሰው ጉልበት ያለ ፈቃዱ በኃይል መውሰድ ነው አለ። የምንፈልገውም መሬት ነው፤ በራሳችን ጉልበት አርሰን እንድንኖርበት፣ ኋላም ገዝተን የራሳችን እንድናደርገው። በአራተኛው ቀን ትእዛዝ ወጣ፦ ከካሮላይና ጠረፍ እስከ ፍሎሪዳ ሴንት ጆንስ ወንዝ ያለው ዳርቻ ለጥቁሮች ይከፈል፤ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 40 ኤከር። (በ1733 ለእንግሊዙ ድኻ የተሰጠው 50 እንደነበር ልብ ይሏል።) ሰዎቹ ገቡበት፤ አረሱ፤ ዘሩ።

ፕሬዚዳንት ሊንከን በኤፕሪል ተገደለ። ተተኪው አንድሩ ጆንሰን በዚያው ዓመት መከር፣ ጥጥ በሚለቀምበት ወራት፣ መሬቱ ለቀድሞ ጌቶች እንዲመለስ አዘዘ። ወታደሮች መጥተው የያዙትን አስለቀቋቸው፤ መሬት የሌለው ሁሉ ለዚያው ለጌታው እንዲሠራ ውል ፈረመ።

«እፎይ!» አለች ጥጢት። «ማን ይለቅመኛል ብዬ ተጨንቄ ነበር።»